የበረንዳ አዳሪው እና የከተማው በጀት

በጅቡቲ ከተማ እምብርት፣ ከወደቡ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። ስሙ ከፈረንሳዮች አገዛዝ ዘመን የቆየ ሲሆን፣ ጅቡቲና ኢትዮጵያ በባቡር ሐዲድ የተሳሰሩበትን ጊዜ ያስታውሳል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተዘረጋው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977፣ ማለትም ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ አደባባዩ በነፃነቱ ቀን ተሰየመ። ይሁን እንጂ የሰው ምላስ የለመደውን በቀላሉ አይተውምና፣ ነዋሪው ዛሬም ሜኔሊክ አደባባይ እያለ ይጠራዋል።

የአደባባዩ ዙሪያ በነጫጭ ግንብ ቤቶች የተከበበ ነው። የቤቶቹ አሠራር የዐረብንና የአውሮፓን የሕንፃ ጥበብ ያዋሐደ ሲሆን፣ በምድር ቤታቸው ፊት ለፊት ቅስት ያላቸው ረጃጅም በረንዳዎች ተዘርግተዋል። እነዚህ በረንዳዎች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። በደገኛው ኢትዮጵያዊ ዘንድ ክረምት በሚባሉት ወራት በጅቡቲ የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሆን፣ ጥላ በዚያች ከተማ እንደ ውሃ የሚፈለግ ነገር ነው። ቀን ቀን በበረንዳው ሥር ቡና ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ የንግድ ጉዳይ ይፈጸማል። ሌሊት ሲሆን ግን ወንበሮቹ ይነሡና በዚያው ስፍራ ካርቶን ይነጠፋል።

በአማርኛ ቤት የሌለውን ሰው «በረንዳ አዳሪ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አጠራር በሌላ ከተማ ዘይቤያዊ ሊሆን ይችላል፤ በምኒልክ አደባባይ ግን ቃል በቃል እውነት ነው። ከዚያ ከሚያድሩት መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ ጥቂቶች ስላልሆኑ፣ የአደባባዩ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የጎረቤት ወሬ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ከቤታቸው እንዳይፈናቀሉ ለመከላከልና የተፈናቀሉትንም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቤት ለመመለስ ከራሱ በጀት ገንዘብ ሊመድብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አዳሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አላፊ አግዳሚው ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያቸዋል፤ ችግራቸው ግን አንድ አይደለም። ከፊሎቹ መንገደኞች ናቸው። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይና ከሌላም ስፍራ ተነሥተው፣ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ በየመን አልፈው ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት የሚመኙ ናቸው። በዚህ መንገድ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጓዛሉ። ደላላው ገንዘባቸውን የበላባቸው፣ በመንገድ የታመሙ ወይም ከየመን ተስፋ ቆርጠው የተመለሱ መንገደኞች ጥቂት ቀን ለማረፍ ብለው ወደ ከተማው ይገቡና ወራት ይቆያሉ።

ሌሎቹ ሕፃናትና ለጋ ወጣቶች ናቸው። ጫማ በመጥረግ፣ መኪና በማጠብ፣ ዕቃ በመሸከም፣ ይህ ሲጠፋም በልመና ቀኑን ያሳልፋሉ። ካሪታስ የተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የርዳታ ድርጅት በከተማው መካከል ባቋቋመው የቀን ማእከል ለነዚህ ልጆች ምግብ፣ መታጠቢያ፣ ሕክምናና ጥቂት ትምህርት ይሰጣቸዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ይሁንና ማእከሉ ስሙ እንደሚያመለክተው የቀን ነው፤ ማታ በሩ ሲዘጋ ልጆቹ የሚመለሱት ወደዚያው በረንዳ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሱት ትናንት ቤት የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ቀን ሠራተኞች፣ ባላቸው የሞተባቸው ወይም ጥሏቸው የሄደ ሴቶች፣ ከቆርቆሮና ከጣውላ የሠሩትን ቤት ጎርፍ የወሰደባቸው ቤተሰቦች ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። እነዚህ ሰዎች የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ በመጀመሪያ ከዘመድ ዘንድ ይጠጋሉ፤ የዘመድ ቤት ሲጠብና ፊቱ ሲጠቁር ወደ ውጭ ይወጣሉ። ካርቶን ላይ ከተኙ በኋላ ከመንገደኛው የሚለያቸው ምልክት የለም።

ይህን ሦስተኛ ወገን ለመረዳት የከተማውን አስተዳደግ መመልከት ይጠቅማል። ጅቡቲ የተመሠረተችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ወደቡና ባቡሩ ከየአቅጣጫው የሳቡትን ሠራተኛ የምታስተናግድበት ቤት ግን አልነበራትም፤ እያደር የመጣው ሁሉ በቁጥር በሚጠሩት ሰፈሮች ከጣውላና ከቆርቆሮ እየሠራ ተጠጋጋ። እ.ኤ.አ. በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኙ ለነፃነት የተደረገው ሰልፍ ወደ ብጥብጥ ተለወጠ። ከዚህ በኋላ ቅኝ ገዢው መንግሥት ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አሳጠራት። የመታወቂያ ወረቀት የሌለው ሰው ከአጥሩ ውስጥ እንዳይገባ ተከለከለ። ዛሬ ባልባላ የሚባለው ሰፊ ሰፈር የተወለደው ከዚያ አጥር ውጭ በቀሩት ሰዎች ነው። ከነፃነት በኋላ አጥሩ ፈርሶ ባልባላ ከከተማዋ ጋር ተቀላቀለ፤ አሁን ከራስ ዲካና ከቡላኦስ ጋር ከሦስቱ የከተማው ኮሚዩኖች አንዱ ነው። የሀገሪቱ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገው ቆጠራ 818 ሺህ ያህል የነበረ ሲሆን፣ በ2024 ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚኖረው በዋና ከተማዋ ነው።

አጥሩ ይፍረስ እንጂ የአጥር አስተሳሰብ ፈጽሞ የጠፋ አይመስልም። ቤት የሌላቸው ሰዎች በአደባባዩ ሲበዙ በመጀመሪያ የሚታሰበው እነርሱን ከዓይን ማራቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሀገር ሰዎች ሁሉ ከኦገስት 31 በፊት እንዲወጡ አዘዘ፤ ቀኑም እስከ ሴፕቴምበር 15 ተራዘመ። ብዙ ሺህ ሰው በባቡር፣ በመኪናና በእግር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025ም ተመሳሳይ ትእዛዝ ተሰጥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። በየትኛውም ሀገር ወሰንን መጠበቅ የመንግሥት መብት እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ከ2003 እስከ 2025 ባሉት 22 ዓመታት ውስጥ በረንዳዎቹ ባዶ ሆነው አልታዩም። የወጣው ይመለሳል፤ ያልተመለሰውንም ሌላ ይተካዋል። ለመኪናው፣ ለነዳጁ፣ ለፖሊሱ የሚወጣው ገንዘብ ግን አይመለስም።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ አፈሳው ባዕዱንና ባለ አገሩን ለመለየት የሚችለው በወረቀት ብቻ መሆኑ ነው። በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ወረቀቱን ነው። ይሰረቅበታል፣ በዝናብ ይረጥብበታል፣ ወይም መያዣ አድርጎ ይሰጠውና ሳይመለስለት ይቀራል። ስለዚህ በዚያችው ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ቤቱን ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ማንነቱን ማስረዳት የማይችል እንግዳ ሊሆን ይችላል። ቤት ማጣት የመጠለያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚቆጠር ከሆነ ይህ ክፉ ሰንሰለት ሳይታይ ያልፋል።

እንግዲህ ቀድሞ መከላከል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የወደብ ቀን ሠራተኛ ሚስትና ሦስት ልጆች ይዞ በባልባላ አንዲት ክፍል ተከራይቷል እንበል። በወደቡ የትከሻ ሥራ እንደ ድሮው አይገኝም፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2009 የዶራሌ የኮንቴይነር ወደብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙውን ጭነት የሚያነሣው ማሽን ነው። ሰውየው ያገኘውን እየሠራ ኪራዩን ሲከፍል ኖሮ በወባ ወይም በአደጋ ሁለት ወር ተኛ። የሁለት ወር ኪራይ ወዘፈ። ባለቤቱም ክፉ ሰው ስላልሆነ አንድ ወር ታገሠ፤ ከዚያ በላይ ግን እርሱም የሚኖረው በኪራዩ ነውና ክፍሉን ለሌላ ሰጠ። በዚህ ጊዜ የጎደለው የሁለት ወር ኪራይ ብቻ ነበር።

ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጣል። አዲስ ክፍል ለመከራየት ቀብድ ያስፈልጋል። ድስቱ፣ ፍራሹ፣ ቴርሞሱ ተሸጧል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ሕፃኑ ታሟል። ሰውየው ሌሊቱን ዕቃውንና ልጆቹን ሲጠብቅ ስለሚያነጋ በማለዳ ወደ ወደቡ ሄዶ ከሚመረጡት ጋር ሊሰለፍ አይችልም። በሁለት ወር ኪራይ ሊዘጋ የሚችለው ቀዳዳ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሆስፒታሉም፣ በፖሊሱም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በምጽዋት ሰጪውም በኩል ገንዘብ የሚፈስበት ትልቅ ሽንቁር ይሆናል። ይህ ወጪ በአንድ መዝገብ ተደምሮ ስለማይጻፍ ማንም ከተማው ከፈለው አይልም፤ ነገር ግን የከፈለው ከተማው ነው። ከቤት የወጣው ቤተሰብ ቶሎ ቤት እንዲያገኝ ማድረግ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአንደኛው ሳምንት ቀብድና የጥቂት ወራት ኪራይ የሚበቃው ሰው በሁለተኛው ዓመት ሐኪም፣ አማካሪ፣ ጠበቃና አዲስ ሙያ ሁሉ ያስፈልገዋል።

ሐሳቡ በሌላ ሀገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት በገንዘብ ቀውሱ ጊዜ ባወጣው የኢኮኖሚ ማገገሚያ ሕግ ለዚሁ ጉዳይ 1.5 ቢሊዮን ዶላር መድቦ ለክፍላተ ሀገርና ለከተማዎች አከፋፍሎ ነበር። ገንዘቡ ቤት ለመሥራት የተሰጠ አልነበረም። እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ኪራይ ለመክፈል፣ ቀብድ ለማስያዝና እስከ 18 ወር ድረስ ኪራይ ለመደጎም የተሰጠ ነበር። የተመደበው ግን ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስጦታ ላይ የተመሠረተ ሥራ ስጦታው ሲያልቅ እንደሚያልቅ ለማንኛውም የከተማ ምክር ቤት ትምህርት ሊሆን ይገባዋል። በፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ከ17 ሺህ በላይ የነበረው የቤት አልባዎች ቁጥር በ2022 ከ4 ሺህ በታች ወርዶ ነበር። ፊንላንዶች በተለይ ከ2008 ጀምሮ የሠሩት ሥራ ብዙ አልጋ የተደረደረባቸውን የጋራ ማደሪያዎች ወደ መኖሪያ ክፍሎች መለወጥና ለሰውየው ከሁሉ በፊት ቁልፍ መስጠት ነበር። በ2024 ለቤት ኪራይ ይሰጥ የነበረው ድጎማ ሲቀነስ የቤት አልባዎቹ ቁጥር ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ከፍ አለ።

ፊንላንድ ሀብታም ናት፤ ጅቡቲ አይደለችም ይባል ይሆናል። ይህ እውነት ስለሆነ ለጅቡቲ የሚቀርበው ምሳሌ ከአዲስ አበባ ቢወሰድ ይሻላል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራይንም ቀነሰ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ። በቀበሌ ቤቶቹ ላይ ብዙ ወቀሳ ይሰነዘራል፤ ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና አልበቃም፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ዘመመ፣ አዲስ ቤት የሚሠራውም ሰው ቁጥር አነሰ። ወቀሳው ትክክል ነው። ሆኖም እነዚያ ያዘመሙ ቤቶች እጅግ ብዙ ድኻ ቤተሰቦችን ለአሥርተ ዓመታት በከተማው መካከል፣ ከሥራቸውና ከዕድራቸው ሳይለዩ አኑረዋል። አንድ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ማድረግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ለማግኘት ያስቸግራል።

በኋላ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሕዝቡ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ሲመዘገብ፣ ከሁሉ ዝቅተኛው እንኳ ከቤቱ ዋጋ አሥር በመቶውን አስቀድሞ መቆጠብን የሚጠይቅ ነበር። በረንዳ የሚያድር ሰው ደግሞ እንኳን የሚቆጥበው ገንዘብ፣ በመዝገብ ላይ የሚያስጽፈው የቤት ቁጥር የለውም። ቤት መሥራት የግድ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ቤት ተሠርቶ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቤት ለነበረው ሰው ነው። በጅቡቲም መንግሥት የቆርቆሮ ሰፈሮችን ለማስወገድ ዕቅድ አውጥቶ፣ ለከተማ እድሳትና ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶች የሚሠራ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በባልባላ አካባቢ ቤቶች አሠርቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው። በምኒልክ አደባባይ ካርቶን ያነጠፈችው እናት ግን እነዚያ ቤቶች ተሠርተው እስኪያልቁና ተራው እስኪደርሳት ድረስ የት ታድራለች?

የኢትዮጵያ የተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ምንም ዓይነት ግንብ ሳይገነባ የሚሠራ የመከላከያ ዘዴ ነው። አዋጁ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አከራዩም ኪራዩን እንዳሻው እንዳይጨምር ይከለክላል። እንዲህ ያለው ሕግ በሥራ ላይ የሚውለው ተከራዩ ሄዶ የሚጮኽበት ጽሕፈት ቤትና ሰሚ ሠራተኛ ሲኖር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህም በጀት ይጠይቃል። በተጨማሪም ኢትዮጵያ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን በ11 ከተማዎች ስትጀምር ለድኻ ቤተሰቦች በሥራ ላይ የተመሠረተ ክፍያ ከመስጠት ጋር በጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሚታገዙበትን ክፍል አካትታ ነበር። ፕሮግራሙ በኋላ ወደ ሌሎች ብዙ ከተማዎች ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለው ሥራ ለፊንላንድ ብቻ የተሰጠ አይደለም።

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ትልቁ ጥያቄ የባዕድነት ነው። «የጅቡቲ ግብር ከፋይ ስለ ምን የኢትዮጵያዊውን ኪራይ ይከፍላል? ዛሬ ለአንዱ ብንከፍል ነገ መቶው ይመጣል» ይላሉ። የመጀመሪያው አነጋገር ክብደት ያለው ነው። አንድ የከተማ ምክር ቤት በቅድሚያ ተጠያቂ የሆነው ለነዋሪዎቹ ነው፤ ስለዚህ የውዝፍ ኪራዩ ገንዘብ በከተማው ለኖሩት፣ ማለትም ለሦስተኛው ወገን ቢውል የሚያስወቅስ አይሆንም። ለመንገደኛው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። እርሱ በጅቡቲ ቤት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጥቂት ሌሊት በሰላም የሚያድርበት ስፍራ፣ ወደ ሀገሩ ለመመለስ ከወሰነም የሚመለስበት መንገድ ነው። ለዚህ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኦቦክ ያለው ማእከልና የኢትዮጵያ ኤምባሲ አሉ፤ ወጪውንም ከጅቡቲ ጋር ሊጋራ የሚገባው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው መንገድ የሚያልፉት ልጆችዋ ጉዳይ የባለ ወደቡ ዕዳ ብቻ ነው ማለት የሚያሳፍር ነው።

ሁለተኛው አነጋገር ግን በእውነተኛው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ የሚነሣው ወጣት በአፋርና በኢሳ በረሃ ውሃ ጥም እየገደለው የሚጓዘው በጅቡቲ የአንድ ክፍል ቀብድ እንዲከፈልለት አይደለም። ዓይኑ ከባሕሩ ማዶ ነው። በረንዳው ምቹ ስለሆነ አልመጣም፤ በረንዳው ቢከፋም አልቀረም። አፈሳው በየጊዜው የተካሄደ ሆኖ ሳለ የመንገደኛው ቁጥር አለመቀነሱ ይህን ያስረዳል።

ልጆቹን በሚመለከት ግን የሀገር ጥያቄ መነሣት እንኳ የለበትም። የ12 ዓመት ልጅ ሌሊት በረንዳ ላይ ሲተኛ የሚደርስበትን ነገር በዝርዝር መጻፍ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ አይመችም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእነርሱ የሚያስፈልገው የማታ ማደሪያ ነው፤ ከዚያም ቤተሰቡ ያለውን በሰላም ወደ ቤተሰቡ፣ የሌለውን ወደሚያሳድገው ቤት ማድረስ ነው። የቀን ማእከሉ እያለ የሌሊቱን ለመጨመር የሚያስፈልገው ወጪ ከባዶ እንደ መጀመር አይሆንም።

ገንዘብ የለም የሚለው መከራከሪያ ይቀራል። የከተማው ገቢ ጥቂት መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ የሚበቃ ዝናብ ዘንቦ ሰፈሮች በውሃ ሲጥለቀለቁ ገንዘብ ተገኝቷል። በ2004 የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድም፣ በ2018 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣም ተገኝቷል። ለተፈናቀለ ሰው መጠለያ መፈለግን ከተማው ያውቅበታል ማለት ነው። ልዩነቱ ጎርፉ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው በአንድ ሌሊትና በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ሲሆን፣ ውዝፍ ኪራይ ግን አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚያስወጣ መሆኑ ነው።

አፈጻጸሙ ብዙ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም። ተከራዩና አከራዩ የሚተዋወቁት በሰፈር ነውና፣ ማመልከቻውን መቀበል ያለባቸው የራስ ዲካ፣ የቡላኦስና የባልባላ ኮሚዩኖች ናቸው። ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው ድረስ ያለው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር መሆን አለበት፤ አንድ ኮሚቴ ለሁለት ወር ውዝፍ ኪራይ ሦስት ወር ቢመክር ሥራው ከመጀመሪያው ከሸፈ። ገንዘቡ በቀጥታ ለአከራዩ ቢከፈልና ደረሰኝ ቢቆረጥ ለሐሜት በር አይከፍትም። አከራዩም በለውጡ ተከራዩን ቢያንስ ለስድስት ወር ላያስወጣ ይፈርማል። ብዙዎቹ የባልባላ ቤቶች ቋሚ የይዞታ ወረቀት እንደሌላቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ሕጋዊ ካርታ አምጡ ማለት ርዳታውን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ማራቅ ይሆናል፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ምስክርነት ሊበቃ ይገባዋል። መንግሥት ለድኻ ቤተሰቦች ድጋፍ ሲሰጥ ያዘጋጀው የማኅበራዊ መዝገብም ስላለ አዲስ ቆጠራ አያስፈልግም። ለጠፋ መታወቂያ ምትክ መስጠትም ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ ያለ ወረቀት ቤት ያገኘ ሰው በሚቀጥለው አፈሳ ያጣዋልና።

በጅቡቲ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በጃንዩዋሪ ነው። ጥያቄው ለከተማው ምክር ቤት መቅረብ ያለበት እንግዲህ ከዚያ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር ወራት ነው። ሙቀቱ በሜይ ሲጀምር ከቤት የወጣ ቤተሰብ ሕፃናቱን ይዞ የሚሸሽበት ጥላ ከበረንዳው በቀር የለውም፤ በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ቢወስን እንኳ ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ላይ የሚጻፍ ይሆናል።